ምዕራፍ አራት፦ ደብተር ሲዘጋ የሚጀመር ጥናት

የቅኔ ተማሪ መምህሩ ፊት ሲቀርብ በእጁ ጽሑፍ አይዝም። ቀኑን ከሰው ርቆ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከካብ ጥግ ተቀምጦ፣ ደበሎውን ተከናንቦ የቆጠረውን ቅኔ በቃሉ ይዞ ይመጣል። ተራው ሲደርስ ይናገራል። ግሡ ከተሰበረ፣ አገባቡ ከሳተ፣ ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልሞላ መምህሩ እዚያው ያርሙታል፤ እርማቱን ተቀብሎ ደግሞ ይለዋል። የጉባኤ ቤት ሰዎች ይህን ነገራ ይሉታል። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ሦስት ቤት ያለውን ዘአምላኪየ አልፎ፣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው በየቀኑ እየተናገረና እየታረመ ነው። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ስማቸው የገነነው፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስና ደብረ ወርቅ ከሩቅ አገር ተማሪ ሲጎርፍላቸው የኖረው በዚህ ሥርዓት ነው።

በዚህ ምዕራፍ የምሟገትለት ነገር አንድ ነው። የተማርነው ነገር የሚጸናው ከራሳችን አውጥተን ስንናገረው ነው፤ ደጋግሞ ማየት ያንን አይተካም። ጎጃም ይህን ያውቃል። ሆኖም የጎጃም ልጆች ዛሬ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲያጠኑ ይህን የአባቶቻቸውን ብልሃት ከደጅ ትተውት ይገባሉ።

ሮብ ገበያን እንውሰድ። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለች የስናን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ድንችና ገብስ የሚበቅልባት፣ ብርዷ አጥንት የሚሰብር ደጋ። በእንዲህ ያለች ከተማ ከገጠር ቀበሌ የመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ይከራያል፤ ስንቁን ከቤት ያመጣል፤ ቅዳሜና እሑድ ወላጆቹ ዘንድ ደርሶ የሳምንቱን ይዞ ይመለሳል። የዚህ ልጅ ትጋት አያጠያይቅም። ማታ ጋቢውን ተከናንቦ ደብተሩን ከፍቶ ያነባል፤ ሲጨርስ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ደብተሩ ንጹሕ ነው፦ ርዕሱ በቀይ፣ ዝርዝሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፉት ሳይጨመር ሳይቀነስ የተገለበጠበት። አራተኛ ጊዜ ሲያነበው ዓይኑ ከመስመሩ ይቀድማል፤ ሁሉንም የያዘው ይመስለዋል። ፈተና ክፍል ገብቶ ጥያቄውን ሲያይ ግን መልሱ የሰፈረበት ገጽ፣ ከገጹም የትኛው ጥግ ላይ እንደሆነ ሳይቀር ትዝ ይለዋል። መልሱ ራሱ አይመጣለትም።

ይህ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ያዩትን ለይቶ ማወቅና ሳያዩ ማስታወስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ገበያ መሐል ፊቱን ለይተን ሰላም የተባባልነውን ሰው ስሙን መጥራት ሊያቅተን ይችላል፤ አራት ጊዜ የተነበበ ደብተርም እንዲሁ ፊቱ ብቻ ነው የሚታወቀው። የፈተና ጥያቄ ስም ጥራ የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ በሙከራ አሳዩ። ለኮሌጅ ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጧቸው። አንዱ ቡድን በአራት የጥናት ክፍለ ጊዜ ጽሑፉን እየደጋገመ አነበበ። ሌላው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ አነበበና በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉ ተወስዶበት፣ ባዶ ወረቀት ላይ የሚያስታውሰውን ሁሉ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የበለጡት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደጋግመው ያነበቡት ከጽሑፉ 40 በመቶ ገደማ ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን ሲጠይቁ የቆዩት 61 በመቶ አስታወሱ። የመጀመሪያዎቹ ጽሑፉን በአማካይ ከ14 ጊዜ በላይ አንብበውታል፤ ሁለተኛዎቹ ከ3 ጊዜ ብዙም አልዘለሉም። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የተማሪዎቹ የራሳቸው ግምት ነው። ከሳምንት በኋላ ምን ያህል ታስታውሳላችሁ ተብለው ሲጠየቁ በራሳቸው የበለጠ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ደብተር መደጋገም ተማሪውን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ያወቀ ስለሚመስለው ሌላ ዘዴ አይፈልግም።

ነገሩ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1939 ኸርበርት ስፒትዘር አይዋ በተባለው የአሜሪካ ግዛት 3,605 የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዞ፣ ካነበቡ በኋላ ሳይቆዩ የተጠየቁ ልጆች ያነበቡትን ቶሎ እንደማይረሱ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ በብዛት የሚሠራባቸውን 10 የአጠናን ዘዴዎች መርምረው ከፍተኛ ጥቅም አላቸው ያሏቸው ሁለት ብቻ ነበሩ፦ ራስን መጠየቅና ጥናትን በጊዜ ማራራቅ። ደጋግሞ ማንበብም በቀለም ማስመርም ዝቅተኛው መደብ ውስጥ ወደቁ። ተማሪ ግን በብዛት የሚሠራው እነዚህኑ ነው።

አሁን ወደ ጉባኤ ቤቱ ልመለስ፤ ሥርዓቱ በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነውና።

ንባብ ቤት የገባ ሕፃን ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወደ ዮሐንስ መልእክት፣ ወደ ወንጌሉ፣ በመጨረሻም ወደ ዳዊት ይሄዳል። ያንኑ ጽሑፍ በቁጥር፣ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እየለዋወጠ ይመላለስበታል። ስለዚህ መደጋገሙ አንድ ወጥ አይደለም፤ በየዙሩ አዲስ ሥራ አለው። ትላንት የተቀበለውን ሳያስረክብ ዛሬ አዲስ አይሰጠውም። ሲመሽ ደግሞ የቃል ትምህርት አለ። መብራት አይጠይቅም፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን በጨለማ ያስቀጽሏቸዋል። የሚያስቀጽለውም በዚያው ይጠቀማል፤ ለሌላ እያስያዘ የራሱን ያጸናል።

ቅኔ ቤት ሲደረስ ሥራው ይከብዳል። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ተማሪዎች በጆሯቸው ይቀበላሉ፤ ከዚያ ተሰብስበው አንዱ የጣለውን ሌላው እያነሣ ሙሉውን ያገኙታል። ከቀተለና ከቀደሰ ተነሥቶ ግሡ በየቤቱ ይረባል። በማግሥቱ ተማሪው ብቻውን ወጥቶ የራሱን ይቆጥራል። የትላንቱን የመምህሩን ቅኔ መልሶ ማምጣት አይሆንም፤ በዚያው ሥርዓት የተሠራ አዲስ ነገር ይጠበቅበታል። ከዚያ ነገራው። ብዙ ተማሪ ባለበት ጉባኤ መምህሩን የሚያግዙ አስነጋሪዎች ይቆማሉ። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ በእንተ ስማ ለማርያም ሊል ከመንደር መንደር ሲዞርም ከንፈሩ አያርፍም፤ ያን ሁሉ መንገድ ግሥ እያረባ ነው የሚሄደው።

የዛሬ ተመራማሪ ይህን ቢያይ የሚያውቃቸውን ነገሮች በየቦታው ያገኛቸዋል። ጽሑፍ ሳያዩ ማውጣት አለ፤ እርማት ሳይዘገይ ይመጣል፤ በተቀበሉትና በሚናገሩት መካከል የሌሊት እንቅልፍ አለ፤ ለሌላ ማስተማር አለ። በልጅነታቸው የዓይን ብርሃናቸውን ያጡት ጎጃሜው አለቃ አያሌው ታምሩ በጆሯቸው ተምረው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢ እስከ መሆን ደርሰዋል። ለእሳቸው ገልጠው የሚያዩት ደብተር አልነበረም። ቢሆንም የተጠየቁትን ከነምሥጢሩ የሚመልሱ ሊቅ ነበሩ።

ጉድለቱንም ማለባበስ አይገባም። ዳዊት የሚደግም ሕፃን ብዙ ጊዜ ግዕዙን አይሰማውም፤ ድምፁን ይዞ ትርጉሙን ሳያገኝ ዓመታት ያልፋሉ። ከዚህ በላይ ሳይቀጥል ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው የያዘው ቃል ብቻ ነው። ሰዎች ሽምደዳ ብለው የሚነቅፉት ይህን ከሆነ ነቀፋው ልክ ነው። ነገር ግን ያው ሥርዓት ቅኔ ቤት ላይ መድኃኒቱን ይዞ ይጠብቃል፤ ሰምና ወርቁን ያላገኘ ተማሪ ምን ቢሸመድድ ቅኔ አይወጣለትም። በደብረ ኤልያስ የተማረው ዮፍታሔ ንጉሤ ቴአትርና መዝሙር ሲደርስ፣ በጎጃም ቅኔ ቤቶች ያለፉት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ የተቀበሉትን መልሰው የሰጡ ሰዎች አልነበሩም። በቃል መያዝ የማሰብ ጠላት ነው የሚለውን አባባል ስሰማ እነዚህን ሰዎች አስባለሁ። ባዶ ራስ ምን አንሥቶ ያስባል?

እንግዲህ ማስታወሻስ? የቃል ትምህርት እንዲህ ከበለጠ ደብተር ለምን ይያዛል?

ለዚህ ጥያቄ የሚሆን የቆየ መልስ አገራችን ውስጥ አለ። በቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንደሚነገረው በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ለዜማው መጽሐፍ ለድጓ የዜማ ምልክት አበጁለት። ድጓ ገልጦ ያየ ሰው ያውቃቸዋል፤ ከንባቡ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሰፈሩ ፊደላት ናቸው። እነዚህ ፊደላት ዜማውን ዘርዝረው አይጽፉትም። ባለ ዜማው ቀድሞ በቃሉ ከያዘው፣ ከታወቀ ዜማ ቃል ላይ የተቆረጡ ናቸው። መሪጌታው ሁለት ፊደል ሲያይ ሙሉው ስልት ይመጣለታል። ላልተማረ ሰው ያው ገጽ ምንም አይነግረውም።

በእኔ አስተያየት ስለ ማስታወሻ አያያዝ ከተባለው ሁሉ ዋናው ነገር እዚህ ውስጥ አለ። ማስታወሻ ዕውቀቱን ተክቶ የሚቀመጥ ከሆነ ተማሪው ዕውቀቱን ደብተሩ ላይ ትቶ ይሄዳል። ማስታወሻ ከራስ ውስጥ ያለውን የሚጠራ ምልክት ከሆነ ግን በተገለጠ ቁጥር ተማሪውን ያሠራዋል። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዋልተር ፓውክ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው የአጠናን መጽሐፍ ያስፋፋው ዘዴም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ገጹ በቁም መስመር ለሁለት ይከፈላል፤ ሰፊው ቀኝ ለትምህርቱ፣ ጠባቡ ግራ ለምልክቱ፣ ከታች ያለው ጥቂት ቦታ ለማጠቃለያ።

ሮብ ገበያ ላለ የ9ኛ ክፍል ተማሪ በሚቀርብ ትምህርት ላይ እንሞክረው። የባዮሎጂ መምህሩ ኦስሞሲስን አስተማሩ እንበል። ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ትርጉም አለ። ተማሪው ከደብተሩ ገጽ ግራ ሩቡን አስምሮ ባዶ ይተወዋል። ቀኝ በኩል ትርጉሙን ያሰፍራል፤ ከሥሩ ሁለት ሳህን ይሥላል። በአንደኛው ንጹሕ ውኃ፣ በሌላው ጨው የበዛበት ውኃ፣ በሁለቱም ውስጥ እኩል የተቆረጠ የድንች ቁራጭ። ከጊዜ በኋላ የንጹሕ ውኃው ድንች ጠጠር ብሎ፣ የጨው ውኃው ተልፈስፍሶ ይገኛል። ከሥዕሉ አጠገብ በአጭሩ ይጽፋል፦ ውኃ በስስ ሽፋን አልፎ፣ ብዙ ውኃ ካለበት ጥቂት ውኃ ወዳለበት ይሄዳል። በቃ። ድንቹ በቤቱ አለ፤ ጨውም አለ፤ ቅዳሜ ወላጆቹ ዘንድ ሲሄድ ራሱ ሊሠራው ይችላል።

ግራው የሚሞላው ክፍል ውስጥ አይደለም። ማታ፣ ቀኑን ካሳለፈ በኋላ፣ ተማሪው ቀኙን አንድ ጊዜ አንብቦ በግራው ጥያቄ ያወጣል። የጨው ውኃው ድንች ለምን ተልፈሰፈሰ? ውኃው በምን በኩል ወጣ? በጨው ፋንታ ስኳር ቢሆንስ? ለንፍሮ የተዘፈዘፈ ባቄላ ለምን ያብጣል? የመጨረሻው ጥያቄ ሰሌዳው ላይ አልነበረም፤ ተማሪው ከእናቱ ጓዳ ያመጣው ነው፤ ለዚህም ነው ከሌሎቹ የበለጠ የሚጠቅመው። ትምህርቱን ቀድሞ ከሚያውቀው ነገር ጋር አገናኝቶታል። ከዚያ ገጹን በመስመሩ ላይ አጥፎ ቀኙን ይሸፍነዋል። ጥያቄዎቹን ብቻ እያየ፣ ድምፁን አውጥቶ ይመልሳል። ያቃተው ላይ ነጥብ ያደርጋል። ሁሉንም ከሞከረ በኋላ ብቻ ገልጦ ያርማል፤ ከገጹ ግርጌ ሳያይ ሁለት መስመር ማጠቃለያ ይጽፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ገጹን ሳይገልጡ መታገሥ ነው። መልሱ አፋፍ ላይ ደርሶ ሲቀር እጅ ወደ ገጹ ይሄዳል። ቆዩ። ጥቂት ታገሉት፤ የተሳሳተም ቢሆን አንድ መልስ ስጡ። ያ ትግል ጥናቱ ራሱ ነው። ሮበርት ቢዮርክ የተባለው ተመራማሪ እንዲህ ያለውን ችግር የሚፈለግ ችግር ብሎ ይጠራዋል፤ ሲያጠኑት የሚያዘገይ፣ ቆይቶ ግን የሚያጸና። የቅኔ መምህራን ተማሪው ሲያመነታ ዝም ብለው የሚጠብቁት ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቋንቋው ሳልናገር ባልፍ ትልቁን ችግር መዝለል ይሆንብኛል። በአማራ ክልል ያለ ተማሪ በአማርኛ ሲማር ቆይቶ 9ኛ ክፍል ሲደርስ አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሆናል። ብዙዎች ከዚያ በኋላ ማጥናት ትተው መሸምደድ የሚጀምሩት ዓረፍተ ነገሩን ስለማይረዱት ነው። የእኔ ምክር ይህ ነው። ግራ ላይ የሚጻፈው ጥያቄ ፈተናው እንደሚጠይቀው በእንግሊዝኛ ይሁን። ሲመልሱት ግን መጀመሪያ በአማርኛ፣ ለታናሽ ወንድም እንደሚያስረዱ ሆነው ይናገሩት። ነገሩ ከገባ በኋላ ያንኑ በእንግሊዝኛ፣ የተሰባበረም ቢሆን በራስ ቃል ይበሉት። ሳይረዱ በእንግሊዝኛ የተያዘ ትርጉም አንድ ቃል ሲጎድለው ሙሉው ይፈርሳል፤ የገባውን ሰው ግን አንድ ቃል አይጥለውም።

ኖት መገልበጥንም የምነቅፈው ሳልመዝን አይደለም። መጽሐፍ ለሁሉም በማይዳረስበት ትምህርት ቤት፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የተማሪው ብቸኛ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ መገልበጥ አለበት። መገልበጡን ጥናት አድርጎ መቁጠር ነው ስሕተቱ። አሁን አሁን ደግሞ ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ አንሥቶ፣ ሃንድአውቱን በቴሌግራም ተቀብሎ መሄድ ተለምዷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ፓም ሙለርና ዳንኤል ኦፐንሃይመር በእጅ የሚጽፉ ተማሪዎች በላፕቶፕ ከሚጽፉት ይልቅ ሐሳቡን ይበልጥ ይረዳሉ የሚል ጥናት አውጥተው ነበር፤ በኋላ የተደገሙ ሙከራዎች ልዩነቱ ያን ያህል እንዳልጎላ አሳይተዋል። እኔም በእስክሪብቶና በመሣሪያ ክርክር ብዙ አልቆይም። ፎቶ ያነሣ ሰው ግን አንድም ቃል በራሱ አላሳለፈም። በእጁ የሚጽፍ ሰው ሁሉን መጻፍ ስለማይችል ይመርጣል፤ ለመምረጥም መረዳት አለበት።

የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች ራሱ እያጠና፣ የረሳውን ደግሞ ለመያዝ የሚፈጅበትን ጊዜ እየለካ መርሳትን በቁጥር አስቀመጠ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ፣ በአንድ ቀን ሁለት ሦስተኛው ገደማ ጠፍቶ አገኘው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን በዝግታ ነው የሚሄደው፤ ከወር በኋላ እንኳ አንድ አምስተኛው ተርፎ ነበር። ትርጉም ያለው ትምህርት እንዲህ ቶሎ አይጠፋም፤ መልኩ ግን ተመሳሳይ ነው፤ ብዙው የሚረሳው በመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ መቅረብ ያለበት በዚያው ማታ ነው። ሁለተኛው ከእንቅልፍ በኋላ፣ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲኬድ፤ አንጎል የቀኑን ትምህርት የሚያደላድለው በእንቅልፍ ነውና ሌሊቱን ሙሉ ሲያነቡ አድሮ ፈተና መግባት በራስ ላይ መፍረድ ነው።

ከዚያ የሳምንቱ ይመጣል። የሮብ ገበያ ልጆች ለዚህ የሚሆን ቀን ተቆርጦላቸዋል፤ ረቡዕ ገበያው ሲቆም ማንም አይረሳውም። በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ ያለፉትን ሰባት ቀናት ገጾች ሁሉ አጥፎ በግራው ብቻ መጠያየቅ ልማድ ቢሆን፣ ከጎረቤት ጓደኛ ጋር ቢሆን ደግሞ፣ በዓመቱ መጨረሻ ደብተር ይዞ የሚደነግጥ ተማሪ አይኖርም። ቅዳሜ ወደ ወላጆች ቤት የሚኬድበት መንገድም አለ፤ የቆሎ ተማሪ ያን ጊዜ እንዴት እንደሚጠቀምበት አይተናል። ነጥብ የተደረገባቸው ጥያቄዎች ቶሎ ቶሎ፣ የተመለሱት ዘግየት እያሉ ይጠየቁ። ሴባስቲያን ላይትነር የተባለ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1972 ይህንኑ በሣጥን አደረገው፤ ጥያቄዎቹ በቁራጭ ወረቀት ይጻፋሉ፤ የተመለሰው ወረቀት ወደሚቀጥለው ክፍል ይሻገራል፤ የተሳተው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አሮጌ የጫማ ካርቶን ይበቃል።

በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ይህን ሁሉ በአጠናን ዘዴ ላይ ማላከክ በደል ነው፤ የመጽሐፍ፣ የመምህርና የላቦራቶሪ እጥረቱ ይታወቃል። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ቁጥሩ እጅግ የበዛ ልጅ ከትምህርት ርቋል። መንግሥት፣ መምህራንና ኅብረተሰቡ መመለስ ያለባቸውን ጥያቄ ተማሪው ብቻውን አይመልሰውም። እስከዚያው ግን አሮጌ ደብተሩን ይዞ ቤት የተቀመጠ ልጅ በእጁ ያለ አንድ ነገር አለ፤ የተማረውን እንዳይረሳ ማድረግ ይችላል። ለዚህ ኤሌክትሪክ፣ ኢንተርኔትና ገንዘብ አያስፈልግም። የሚጠይቀው ሰው ግን ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የመጨረሻው ቃሌ ለወላጆች ነው። ብዙ አባትና እናት «እኛ ማንበብ አንችል፣ ልጃችንን በምን እናግዘው?» ይላሉ። አስነጋሪ ለመሆን ማንበብ ግዴታ አይደለም። ማታ ከእራት በኋላ «ዛሬ ምን ተማርክ? እስቲ አስረዳኝ» በሉ። «ዛሬ ምን ተማርሽ?» በሉ። ደብተሩን አስቀምጠው ይንገሯችሁ። ካልገባችሁ «ይህ አልገባኝም፤ ደግመህ ንገረኝ» ለማለት አትፈሩ። የት ላይ እንደሚያመነቱ ጆሯችሁ ይሰማል፤ ያመነቱበትን ነገ አጣርተው እንዲነግሯችሁ ቀጠሮ ስጧቸው። ቀጠሮውንም አትርሱባቸው፤ ነገ ማታ ጠይቋቸው።